ሹፌር በኩል

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቡልቡላን አልፈን አዳሚ ቱሉ ሳንደርስ የመኪናችን ሞተር ጠፋ። ሰዓቱን የማልረሳው ያኔ ዓይኔ እሱ ላይ ስለነበረ ነው። አባቴ "ባቱ ለመድረስ ስንት ይቀረናል?" ብሎ ጠየቀኝና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አባቴ በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ከአዳማ ሻሸመኔ ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ጎረቤት ያውቀዋል። 

የምንመለሰው ከሻሸመኔ ነበር። አክስቴ ዙህራ ልጇን ድራ ሠርግ ከርመናል። የምነዳው እኔ ነኝ። አባቴ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ ጋቢና ይቀመጣል፤ ከመንዳት ግን አላረፈም። ከባድ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል፣ ልክ ፍሬን እንደያዘ ሰው።

"ተው አባ፣ መኪናውን ልትበሳው ነው" እለዋለሁ።

"አንቺ ካልያዝሽ ማን ይያዝ?" ይለኛል።

ነገሌ ስንደርስ "ሩዙ ከበደኝ" አለ።

"ሦስቴ አስጨምረህ ባይከብድህ ነበር የሚገርመው።"

"ዙህራ ናት የጨመረችብኝ። እኔ እጄን አንስቼ ከልክያታለሁ፤ ምስክር አለኝ።"

ላንጋኖ መገንጠያው ጋ ቀልዱ አለቀ። ግራ ክንዱን ማሸት ጀመረ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር፤ እጄን ሰድጄ ስነካው ግን ቀዘቀዘኝ። በዚያ ሙቀት የሰው ግንባር እንዲህ ሊቀዘቅዝ አይችልም።

"አባ፣ ደረትህን ነው?"

"ንጂ።"

"ደረትህን ነው ወይ አልኩህ!"

"ኑሰይባ፣ ዓይንሽ መንገዱ ላይ ይሁን። ባቱ ሐኪም ቤት እንገባለን።"

አባቴ ሐኪም ቤት የሚገባው ተጎትቶ ነው። በራሱ አፍ "እንገባለን" ካለ ነገሩ የት እንደደረሰ ገባኝ። ነዳጁን ረገጥኩ። ቡልቡላን እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋ የጠፋችው። ድምፅ አላሰማችም፣ አልጨሰችም፣ አልተንዘፈዘፈችም። አንድ ሰው ቁልፉን ያጠፋው ይመስል ዝም አለች። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እየተንከባለልን ከአስፋልቱ ወርደን ጠጠሩ ላይ ቆምን።

ቁልፉን አዞርኩት። ማስነሻው ሞተሪኖ ያጓራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ደጋግሜ አዞርኩ።

"ተዪ፣ ባትሪውን ትጨርሺዋለሽ" አለ አባቴ። ዓይኑን ጨፍኗል። "አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪና መርፌውን እዪ። የዙር መቁጠሪያውን፣ የአርፒኤሙን። ከዜሮ ንቅንቅ ይላል?"

አዞርኩ። "አይልም። ቀጥ ብሎ ተኝቷል።"

"ክራንክ ሴንሰሩ ነው።"

ይህን ስም ከእሱ አፍ ሰምቼው አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። አባቴ በሁለት ቃል መካከል እየተነፈሰ ነገረኝ። ሞተሩ መዞሩን ለመኪናዋ ኮምፒዩተር የሚናገረው እሱ ነው። እሱ ዝም ሲል ኮምፒዩተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፤ ለካንዴላዎቹ እሳት አይሰጥም። አሮጌ ሴንሰር ሲግል ይደነዝዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

"እንጠብቃ፣ ራሱ ይቀዘቅዛል" አልኩ።

"በዚህ ፀሐይ..." አለና ደረቱን ያዘ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። "ውሃ አፍስሺበት። ሹፌር በኩል ነው። ታች፣ ከቺንጋው ሥር። አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሽቦ ያላት።"

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ወደ ኋላ ሮጬ፣ ወደ ፊት ሮጬ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቼ ሞከርኩ። የለም።

መንገዱ ባዶ አልነበረም። መኪና ያልፋል። ሚኒባስ አለፈ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አለፈ፣ ከባድ መኪኖች ንፋሳቸው መኪናችንን እያወዛወዛት አለፉ። አንዱም አልቆመም። እጄን ባወዛወዝኩ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራሉ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዓመት ኮፈኗን ከፍታ የቆመች መኪና ስታይ አትቁም ነበር የሚባለው። ሴት አቁመው ሰው ያታልላሉ፣ ከግራሩ ውስጥ ሌሎች ይወጣሉ ይባል ነበር። እኔም ብሆን አልቆምም ነበር። ማንም አይቆምልንም ማለት ነው።

ኮፈኑን ከፍቼ በሹፌር በኩል፣ መሪው ባለበት በግራ በኩል፣ ጎንበስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ባትሪው አለ። ከእሱ ሥር ቱቦ፣ ሽቦ፣ አቧራ የለበሰ ዘይት። ቺንጋው፣ ያ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ግን አይታየኝም። የጋለው ብረት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ያ ድምፅ የአባቴን እስትንፋስ እንዳልሰማ ስለከለከለኝ በየመሃሉ ቀና እያልኩ "አባ!" እላለሁ።

"አለሁ" ይላል።

ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ አንድ ሽቦ ያላት ጥቁር ነገር በጣቴ አገኘሁ።  ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችንን ውሃ በሙሉ አፈሰስኩባት። ውሃው ብረቱ ላይ ጮኸ፣ ተነነ። ሮጬ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። እንደገና። ተኝቷል።

ውሃ አልቋል። አባቴ ደግሞ "አባ!" ስለው ቶሎ አልመለሰልኝም።

በዚያ መሃል ነው ሰውየው ከግራሮቹ መካከል የወጣው። ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ በጨርቅ ጠቅልሏል፤ ዱላ ይዟል። በቀጥታ ወደ እኛ እየመጣ ነው። የተባለው ሁሉ ትዝ አለኝ። ኮፈኑ እንደተከፈተ ትቼ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ በሮቹን ቆለፍኩ። አባቴን በደረቴ ሸፈንኩት። ሰውየው መስኮቱ ጋ ቆመና በዱላው ጫፍ መስታወቱን ቀስ አድርጎ ነካ ነካ አደረገ።

"አካም ጅርቱ? ማል ታተኒ?" አለ። ደኅና ናችሁ ወይ፣ ምን ሆናችሁ ነው የሚለው።

አዳማ ተወልጄ አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም፤ ያን ጊዜ ግን የበሩን መቆለፊያ በእጄ ጫንኩት። አባቴ ነው ዓይኑን ሳይገልጥ "ክፈቺ" ያለኝ።

"አባ፣ አናውቀውም..."

"የሚዘርፍ ሰው ደኅና ናችሁ አይልም። አየር አሳጣሽኝ። ክፈቺ።"

ከፈትኩ። "አባን ኮ ዱኩብሳቴ" አልኩት፤ አባቴ ታሟል።

ሰውየው ጨርቁን ከፊቱ አወረደ። የእኔን ዕድሜ የሚያህል ነው፤ ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ አለ። አባቴን አየው፣ ከዚያ እኔን፤ በአማርኛ ነው የመለሰልኝ። "እኔ ጋሮምሳ እባላለሁ። ውሃ ጭኜ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው። እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ መቆየት የለበትም።"

ወደ ኋላው ሳይ አህያ የታሰረበት ጋሪ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ላዩ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች። ውሃ። ማልቀስ ቃጣኝ።

ጋሮምሳ መጀመሪያ መኪና ላስቁም አለ። አስፋልቱ ዳር ወጥቶ እጁን ሲያነሳ የመጣው ፒክአፕ ጥሩምባውን እያንባረቀ እስከ ወዲያኛው ጠርዝ ድረስ ሸሸና በረረ።

"ዱላዬን አይቶ ነው" አለ ተመልሶ። "እኔ ደግሞ ዱላውን የያዝኩት እነሱን ፈርቼ ነው።"

"ጣለውና ሞክር።"

"ጣልኩት እንበል። ፊቴንስ የት ልጣለው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ጋሮምሳ ጀሪካኖቹን አውርዶ አባቴን በጋሪው እንውሰደው አለኝ፤ አዳሚ ቱሉ ድረስ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ስለው ወደ አህያው አየ፣ ወደ ፀሐዩ አየ። ጋሪው ላይ ጥላ የለም። ጋሪ የሚሄድበት የአስፋልቱ ዳር ሁሉ ጠጠር ነው፣ ይንጣል። ግን እዚህ መቀመጥም አለ፤ አባቴ አጠገቤ ቀስ በቀስ እየጠፋ። ሁለቱንም ፈራኋቸው። ጋሪው ላይ መንገድ መሃል ቢሞትብኝስ? ጋሪውን እምቢ ብዬ እዚሁ ቢሞትብኝስ?

"አንድ ጊዜ ልሞክር" አልኩት። "ካልተነሳች እንጭነዋለን።"

የጋቢናውን በር ከፍቼ አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። "አባ፣ ስማኝ። ሹፌር በኩል የለም። አየሁ። ውሃውን ሁሉ አፈሰስኩ። የለም!"

"ሹፌር በኩል" አለ።

"ሹፌር በኩል እኮ ነው የፈለግሁት!"

"ሹፌር... በኩል።" ግንባሩን አኮሳተረ። ሲቆጣ የሚያኮሳትረው ነው።

"አባ፣ የት ነው ያለኸው? ታውቃለህ የት እንዳለህ?"

"መኪና ውስጥ።"

"የት ነው የተቀመጥከው?"

"ሹፌር በኩል ነዋ" አለ። "እኔ ሌላ የት እቀመጣለሁ?"

ያን ጊዜ ነው ከሁሉ በላይ የፈራሁት። አእምሮው ሄዷል አልኩ። ሰው ከመሞቱ በፊት እንዲህ ይቀባዥራል ሲባል ሰምቻለሁ። እጁን ያዝኩና "ላ ኢላሀ ኢለላህ በል" ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እያለ አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ የአባቴ ቀኝ እግር ምንጣፉን ረገጠ። ፍሬን ያዘ። ምንጣፉ እዚያች ቦታ ላይ ተልጧል፤ በሌላ መኪና የሹፌር እግር ሥር እንደሚላጠው።

እግሩን እያየሁ መሪው ትዝ አለኝ። መኪናችን ከጃፓን ስትመጣ መሪዋ በቀኝ ነበር። እዚህ መሪ በቀኝ አይነዳምና አባቴ አዳማ ጋራዥ አስገብቶ መሪዋን ወደ ግራ አስዞራት። ሥራው እስኪያልቅ መካኒኮቹ ራስ ላይ ቆሞ ከረመ፤ የትኛው ሽቦ ከየት ወደ የት እንደሄደ በቃሉ ያውቃል። ከዚያም በኋላ ስለዚህች መኪና ሲያወራ "ሹፌር በኩል" የሚለው ቀኙን ነበር፤ መጀመሪያ ሹፌር የነበረበትን። የቀኙ መብራት ሲቃጠል "ሹፌር በኩል ያለው ተቃጥሏል" ብሎኝ ግራውን አስፈትቼ ስንስቅ ውለናል። በፍርሃት ይህን ረስቼዋለሁ። አባቴ አልቀባዠረም ነበር።

"ጋሮምሳ! ውሃ!"

ጎማው ገለል እንዲልልኝ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩና ቁልፉን አጠፋሁ። በቀኙ የፊት ጎማ በኩል ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ከጎማው ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ሆድ ስመለከት ቺንጋው ታየኝ፣ ቺንጋውን የያዘው ትልቁ ክብ ብረትም ታየኝ። ከእሱ አጠገብ ያለው ጨለማ ነው። እጄን አስገባሁ። ብረቱ ክንዴን ለበለበኝ። በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ጠርዝ፣ ጭቃ፣ አንድ ብሎን፣ ከዚያ ፕላስቲክ። አውራ ጣት የምታክል። ከጀርባዋ ሽቦ።

"አገኘኋት!" ብዬ ጮህኩ። አባቴ አልመለሰም።

ውሃ በቆርቆሮ ከላይ ቢፈስ ከቺንጋው ላይ ተበትኖ ይቀራል እንጂ እሷ ጋ አይደርስም። የተነከረ ጨርቅ ያስፈልጋል። መኪናው ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ የኋላ ሻንጣው ውስጥ አሽገነዋል፤ ተነስቼ ለመክፈት አንጀት አጣሁ። የራሴን ሻርፕ ከፀጉሬ ላይ ገፍፌ ለጋሮምሳ "ንከረው!" ብዬ ዘረጋሁለት።

ጋሮምሳ ተቀበለኝና ፊቱን ወደ ግራሮቹ አዞረ። ጨርቁን ነክሮ፣ ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ እኔን ሳያይ ሊያቀብለኝ ሲሞክር ጎማውን ይደበድባል።

"ወደ ታች! ወደ ግራ!"

"የማን ግራ?"

"ያንተ! አይ፣ የእኔ! ዙርና ስጠኝ በአላህ!"

"አልዞርም። ንገሪኝ ብቻ፣ እሰማለሁ።"

የተነከረውን ሻርፕ ሴንሰሯ ላይ ጫንኩት። ጢስ የመሰለ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጨመቅሁት፣ መለስኩለት፣ ነከረ፣ ደግሜ ጫንኩት። ጣቶቼ ተቃጥለዋል፤ አልተሰማኝም። የሰማሁት ከላይ፣ ከጋቢናው፣ የአባቴ እስትንፋስ ብቻ ነበር፤ አጭር፣ ጫፉ ላይ የሚያፏጭ። ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ሲመለስ ጨርቁን እጫናለሁ። ፕላስቲኳ ከእጄ ሙቀት በታች እስክትሆን ድረስ እንዲህ ቀጠልን።

ልነሳ ስል የአባቴ ድምፅ መጣ፤ በጣም ቀጭን ነው።

"ጨርቁን አውጪ። ቺንጋው ይበላዋል።"

ረስቼው ነበር። ሻርፑን ጎትቼ አወጣሁት። ጋሮምሳ ፊቱን እንዳዞረ ያን የራሱን የአቧራ ጨርቅ ከአንገቱ ፈትቶ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። ራሴ ላይ ጠመጠምኩት። አህያ አህያ ይሸታል።

ገባሁ። "ቢስሚላህ" ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው አጓራ። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ከዜሮ ተነሳ፣ ሞተሩ ያዘ።

ጋሮምሳ ኮፈኑን ዘግቶ፣ ሁለት ጀሪካን ከኋላ ወርውሮ ራሱም ገባ። "ብትጠፋ ማን ውሃ ያቀብልሻል?" አለ።

"አህያህስ?"

"ቤቱን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። እኔ እጠፋለሁ እንጂ እሱ አይጠፋም።"

ከዚያ ያለውን መንገድ የነዳሁት መርፌውን እያየሁ ነው። አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኔ አባቴ ላይ፤ መንገዱን ማን እንዳየልኝ አላህ ያውቃል። ጋሮምሳ ከኋላ ሆኖ የአባቴን ራስ በሁለት እጁ ደግፎ ይዟል፤ በየመሃሉ "አባባ፣ እንዳይተኙ" ይለዋል። አባቴ አንዴ ብቻ መለሰ። "ልጅቷ እየነዳች እንዴት ይተኛል?" አለ። ጋሮምሳ ሲስቅ ሰማሁት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ሙቀቱ እየጨመረ መሆኑን፣ ሴንሰሯም እየጋለች መሆኑን አውቃለሁ።

አዳሚ ቱሉ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ኬላ። መቆም አለብኝ። ከቆምኩ ሞተሩ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ካለ ይጠፋል ብዬ እንደ እብድ ነዳጁን እየነካካሁ ተጠጋሁ። ሞተሩ ሲያገሳ ፈታሾቹ መሣሪያቸውን አስተካከሉ። አሁን ደግሞ ይተኩሱብናል አልኩ። ጋሮምሳ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ "ዱኩብሳታ! ዱኩብሳታ!" ብሎ ጮኸ፤ በሽተኛ፣ በሽተኛ። ገመዱን ጣሉት። ረግጬው አለፍኩ።

ባቱ ከተማ ውስጥ ባጃጆቹን እየገፋሁ ሐኪም ቤቱ በር ደረስኩ። ሞተሩን ለማጥፋት ፈርቼ እንደተነሳ ተውኩት። አባቴን በአልጋ ሲገፉት እጄን ይዞ ነበር፤ በሩ ላይ አንዲት ነርስ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጄ አላቀቀች። ከውስጥ መጥተው "የልብ ነው፣ በጊዜ ደርሳችኋል" እስኪሉኝ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን በተቃጠለ እጄ ይዤ ነበር። ቀና ስል ጋሮምሳ በሩ ላይ ቆሟል። የመኪናዋ ሞተር ከውጭ አሁንም እየሠራ ነው።

"ቤንዚን እየጨረሰች ነው፣ ላጥፋት?" አለኝ።

"አጥፋት" አልኩት፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ በአምቡላንስ አዳማ ወሰዱት። ወንድሜ ፈሪድ ባቱ መጥቶ ሴንሰሩን አስቀይሮ መኪናዋን መለሳት። አባቴ ረመዳንን መጾም ባይችልም ዒድን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰገደ። አንድ ቀን "ግን ለምን ቀኝ አላልከኝም?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሹፌር በኩል አልኩሽ እኮ" አለኝ፤ ለእሱ አሁንም ያልገባኝ እኔ ነኝ።

ሰኔ ውስጥ፣ አዳማ፣ ቤቱ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ጋደም እንዳለ ሞተ። ጋሮምሳ ደውዬለት በማግስቱ ከአዳሚ ቱሉ ለቅሶ መጣ።